ሁለተኛ ክፍል በእኔ ድምፅ

መስከረም ላይ የልጅ ልጄን ኑሃን ሁለተኛ ክፍል ላስመዘግብ ስሄድ ትምህርት ቤቱ የጠየቀኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በማን ድምፅ ትማር?

መዝጋቢው ሙአዝ የሚባል ወጣት ነው። አባቱን አውቀዋለሁ፤ እዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ አባቱን የማላውቀው ልጅ ጥቂት ነው። ድምፆቹን በተራ አሰማኝ። አንዷ ዜና የምታነብ ትመስላለች። አንዱ ሽማግሌ ነው፤ ጉሮሮውን ሳል ይዞት የቆየ ዓይነት። አንዷ ደግሞ ፈገግ እያለች እንደምታወራ ያስታውቃል። እየሳቀ የሚያስተምር ሰው እኔ አላምንም።

«የብዙ ቤተሰብ ምርጫ ይቺ ናት እማማ» አለኝ ስለ ፈገግተኛዋ።

«ማን ናት እሷ?»

«ማንም አይደለችም። ድምፅ ናት።»

«ማንም ያልሆነች ሴት ቀኑን ሙሉ በልጄ ጆሮ ስታወራ ልትውል ነው?»

«የራስዎንም መስጠት ይችላሉ። ልጆች በሚያውቁት ድምፅ ሲማሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ግን እስከ ምሳ ሰዓት ማውራት አለ፤ ይደክምዎታል።»

ይደክምዎታል ማለቱ ነው እልህ ያስያዘኝ። የኑሃ እናት ልጄ ሪሃና አፋር በረሃ የፀሐይ መስታወት ጥገና ላይ ነው የምትሠራው፤ ብቅ የምትለው ዓመት በዓል ሲደርስ ነው። ልጅቷ በእኔ እጅ ናት። ከእኔ ሌላ ማን በጆሮዋ ያውራ?

በስፖንጅ የተለበጠች ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። አሻንጉሊት ሰጠኝ፤ ባዶ ሰሃንም ሰጠኝ። «መጽሐፍ አያንብቡ» አለኝ፤ «ትምህርቱን እኛ እንጨምርበታለን። እርስዎ ከኑሃ ጋር እንደሚያወሩት ያውሩ። ያብሏት፣ ይቆጧት፣ ያባብሏት።»

መጀመሪያ አፈርኩ። አሮጊት ሴት ከአሻንጉሊት ጋር! ቆይቼ ግን እጄም አፌም ለመደው። «በሞቴ፣ አንዴ ጉረሺልኝ። አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያልኩ ባዶ ሰሃን አበላሁ። መሀል ላይ ሙአዝ መጣና አሻንጉሊቷን ሳይነግረኝ ከጠረጴዛው ገፍትሮ ጣላት። «እኔን!» ብዬ ጮህኩ።

«ይሄ ነው እማማ!» አለ እጁን እያጨበጨበ። «ይሄንን ነው ሠርተን የማናገኘው!»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

የዛሬ ክፍል ጸጥ ያለ ነው። እኔ ስማር ስልሳ ሆነን ፊደል ስንጮህ የሰፈሩ ውሻ አብሮን ይጮህ ነበር። አሁን በመስኮቱ መስታወት ስታዩ አርባ ልጆች ተቀምጠዋል፤ አርባ ከንፈር ይንሾካሾካል። እያንዳንዱ ጆሮው ውስጥ ሽምብራ የምታህል ፍሬ አለች፤ እሷን ነው የሚያናግረው። መምህርት ብሩክታዊት በወንበሮቹ መሀል ትዞራለች። መምህርት የምንላት ከልማድ ነው። ሥራዋ አፍንጫ መጥረግ፣ ሽንት ቤት መውሰድና የወደቀች ፍሬ ከወለል መፈለግ ነው።

ኑሃ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምን እንዳስተማርኳት ትነግረኛለች።

«ዛሬ መቀነስ አስተማርሽኝ። ሃያ ሁለት ሲቀነስ ስምንት። ሁለቱ አይበቃም፤ ከጎረቤት ይበደራል።»

«ሲመልስስ?»

«ማን?»

«የተበደረው ነዋ።»

አሰበችና «እሱን አልነገርሽኝም» አለች።

በአካባቢ ሳይንስ ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ ከተው በየቀኑ ያዩታል። «መጀመሪያ ቡናማ ነጥብ ያወጣል» አለችኝ። «ከዚያ ይጠቁራል። ከዚያ አፈር ይሆናል። ድመትም እንደዛ ነው፤ ሰውም። አንድ ጊዜ ብቻ ማየት አይበቃም፣ ሙከራ ይደገማል ብለሽ ሁለተኛ ጠርሙስ አስጀመርሽን።»

«ሰውም አፈር ይሆናል ብዬሻለሁ?»

«አዎ። በደንብ ነው ያስረዳሽኝ።»

ግብረ ገብ ላይ ደግሞ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «የምንለውን እናደርጋለን፤ የማናደርገውን አንልም» ትላለች። ጥሩ ትምህርት ነው። እኔ እንኳ ብማረው አይከፋም ነበር።

ጎረቤታችን እንድሪስ አጥር ላይ ተደግፎ ያላግጥብኛል። «ሰዓዳ! አሥረኛ ክፍል አቋርጠሽ ሳይንስ መምህር ሆንሽ አሉ!»

«አንተስ ስንተኛ ላይ ነበር ያቋረጥከው?»

«እኔማ በሩ ላይ!»

ስቄ ገባሁ። ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ አሁን በዚች ሰዓት እኮ እያስተማርኩ ነው እያልኩ አስባለሁ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ልጄን እየጠበቀልኝ ነው ብዬ ወገቤን ዘርግቼ አርፋለሁ።

ኅዳር ላይ ኑሃ ሰሃኗን መጨረስ ጀመረች።

ድሮ እሷን ማብላት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አሁን አፌን ሳልከፍት ትበላለች፤ ስትበላም ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነው። አንድ ቀን ላዛጋ አፌን ስከፍት ሁለት ጉርሻ አከታትላ ዋጠች። ጎበዝ አልኳት። ሆዷ ተነፍቶ ወደ ጓሮ ስትሮጥና ስታስመልስም፣ ብርድ መትቷት ነው አልኩ።

ከዚያ መሮጥ ተወች። እረፍት ላይ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። ድንጋይ ካየች ቆማ ታስብና ትዞረዋለች። መምህርት ብሩክታዊት በር ላይ ጠብቃ አናገረችኝ።

«ኑሃ በዚህ ወር አንድም አልተሳሳተችም እማማ።»

«አልሐምዱሊላህ!»

«እርግጠኛ ያልሆነችበትን አትመልስም። ዝም ትላለች።»

«ጎበዝ ሆነች ማለት ነው?»

«ዝም ትላለች ነው የምልዎት።»

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ነው። አለመሳሳቷን። ለሪሃና ደውዬ ልጅሽ አደብ ገዛች አልኳት።

«ኑሃ? አደብ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «እማ፣ ታማ እንዳይሆን።»

ተቀየምኳት። በረሃ ተቀምጣ የእኔን አያያዝ ትነቅፋለች ብዬ ስልኩን በአጭሩ ዘጋሁት። «እግሬን ራሴ ነው የምታጠበው፣ ትልቅ ሆኛለሁ» ብላ ኑሃ በር ስትዘጋብኝም እንዲሁ በጄ አልኩ። እኔ፣ ነፋስ ሲነፍስ የምደነግጠው ሴትዮ!

አንድ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤት ተደወለ። ስደርስ ኑሃ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች፤ ሰውነቷ እሳት ነው። አዝዬ እዚያው ጎን ወዳለው ጤና ኬላ ሮጥኩ። ነርሷ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲው አልወልቅ አለ። በውኃ አርሳ ስትስበው ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ኑሃ ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልጮኸችም። ውስጥ እግሯ አብጦ አረንጓዴ ቢጫ ሆኗል፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀዳዳ።

«እኔን! እኔን ልጄን!»

ኑሃ ከአልጋው ተነሥታ አፌን በሁለት እጇ ያዘችው። ትኩሳት የያዛት ልጅ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ጥፍሯ ከንፈሬን ቧጨረኝ።

ነርሷ እኔንም እሷንም አየችና «እማማ፣ እስቲ ውጭ ይጠብቁኝ» አለች። ከመጋረጃው ወጣሁ፤ ከመጋረጃው ግን አልራቅኩም።

«ምን ወጋሽ የኔ ቆንጆ?»

አልጋው ሲንቋቋ ብቻ ሰማሁ።

«መቼ ነው?»

«እሷ ሄደች?» አለች ኑሃ።

«ሄዳለች።»

«ስፖርት ላይ ነው። ሽቦ። ያኔ የሁለተኛው ጠርሙስ ቅጠል ገና ነጥብ አላወጣም ነበር።»

«ይሄ ቁስል እኮ ብዙ ቀን ሆኖታል! ለምን አልተናገርሽም? ያማል እኮ!»

«ከተናገርኩ እኔን ትላለች።»

«ትበል፤ ታዲያ ምናለ?»

«እኔን ማለት ለእኔ ያድርገው ማለት ነው። አማርኛ ላይ ትርጉሙን ጠይቄያት ነግራኛለች። እኔ ከወደቅኩ እሷ ላይ ይሄዳል። ሒሳብ ስሳሳትም እኔን ትላለች። ሳልመልስ ስቆይ በሞቴ ትላለች። ደግሞ አፈር ስሆን ትላለች።»

«እሱ እኮ አነጋገር ነው የኔ እናት። ስለምትወድሽ ነው።»

«የምንለውን እናደርጋለን ብላኛለች። ራሷ ናት ያለችው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ጀምሯል ደግሞ።»

«ምኑ?»

«እጇ ላይ ቡናማ ነጥብ አለ።»

መጋረጃው ሥር ቆሜ እጆቼን አየኋቸው። ነጥቦቹ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ የዕድሜ ናቸው። ከኑሃ በፊት ግን ማን አይቶልኝ ያውቃል? ልጅቷ ሰሃኗን የምትጨርሰው፣ ድንጋይ የምትዞረው፣ በተበሳ እግር ቀጥ ብላ የምትራመደው እኔን በሕይወት ለማቆየት ነበር። እኔ ደግሞ አደብ ገዛች ብዬ ሳወራ ከረምኩ።

ነርሷ ቁስሉን አጥባ መርፌ ወጋቻት። ትኩሳቱ በማግስቱ በረድ አለ። ኑሃን እንድሪስ ቤት አስቀምጬ ሙአዝ ጋ ሄድኩ።

«ድምፄን አውጣልኝ።»

«ምን ተፈጠረ እማማ?»

«መጀመሪያ አሰማኝ። ምን ስላት እንደምውል አሰማኝ።»

አንድ የጥቅምት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከፈተልኝ። የእኔ ድምፅ ነው፤ ትንፋሼ እንኳ አለበት። «አሥራ ሦስት? እኔን! እንደገና አስቢ፣ በሞቴ። አሥራ አምስት? እኔን! አፈር ስሆን ኑሃዬ፣ ቀስ ብለሽ።» የኑሃ ድምፅ እያነሰ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ አይሰማም። የእኔ ግን አያቆምም። ቤት ውስጥ ወር ሙሉ የማልለውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ትለዋለች ያቺኛዋ።

«እኔ እንዲህ አላበዛም» አልኩት። «ወላሂ አላበዛም።»

«አዎ፣ እርስዎ የሰጡን ትንሽ ነው። ግን እነዚህን ቃላት ስትሰማ ስህተቷ ይቀንሳል። ስለሚሠራ ማሽኑ ራሱ አበዛው።» ሙአዝ እንደ ጥሩ ዜና ነው የነገረኝ። ፊቴን ሲያይ አንገቱን ደፋ። «ቃላቱን ብቻ ላወጣቸው እችላለሁ።»

«ሁሉንም አውጣ። ያቺን ፈገግተኛዋን አስገባ።»

መምህርት ብሩክታዊት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። «ድምፅዎ ድንገት ከጠፋ ኑሃ ምን ብላ ታስባለች?» አለች።

አላሰብኩትም ነበር። 

«እሷ ባለችበት ይውጣ» አለች ብሩክታዊት። «አጠገቧ ይቀመጡ። እያየችዎት።»

ኑሃ ስትሻላት ክፍል ገባን። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ እስኪደርስ ትንሿ ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሙአዝ ከፊቷ በርከክ ብሎ የሚሆነውን ነገራት። ኑሃ እጅጌዬን ያዘች። ሙአዝ አንድ ነገር ነካካ።

ኑሃ ወደ እኔ ዞረች። «አለሽ?»

«አለሁ።»

«ሌላ ሴትዮ ናት የምታወራው።»

«አውቃለሁ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ካለው ሰሌዳ አሥራ አራት ሲቀነስ ስድስት የሚል ጥያቄ ወጣ። ኑሃ እርሳሷን ይዛ ቆየች። ድሮ ቢሆን ዝም ትል ነበር። አሁን ግን ከንፈሬን እያየች «ሰባት?» አለች።

ፈገግተኛዋ በጆሮዋ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እኔ የሰማሁት የራሴን ነው።

«እኔን!»

ወጣ። ያን ሁሉ መጥቼ፣ ያን ሁሉ አስወጥቼ፣ በገዛ አፌ። እጄን አፌ ላይ የጫንኩት ካመለጠኝ በኋላ ነው። ብሩክታዊት ዓይኗን ጨፈነች።

ኑሃ አልደነገጠችም። እጄን ከአፌ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችውና እንደ ጠርሙሱ ቅጠል ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሌላኛውንም።»

ሰጠኋት።

«አልጨመረም» አለች።

«ኑሃዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም።» እርሳሷን አነሣችና ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ስህተት መሆኑን ታውቃለች፤ አጻጻፏ ያስታውቃል። «በይ።»

«እኔን» አልኩ።

አየች። አራት ብላ ጻፈች። «በሞቴ በይ።»

«በሞቴ።»

«አፈር ስሆንም በይ።»

አልኩላት። ስህተት ትጽፋለች፣ ታዘኛለች፣ እላለሁ፣ እጄን ታገላብጣለች። እናቴ ስታባብለኝ የሰማኋቸው፣ ሪሃናን ያሳደግኩባቸው ቃላት አፌ ውስጥ ተመጥጦ እንደሚጣል ሸንኮራ ሆኑ። አጠገባችን ያለው ልጅ ፍሬውን ከጆሮው አውጥቶ ያየን ጀመር። ብሩክታዊት መልሳ አላስገባችለትም።

በመጨረሻ ኑሃ እጄን ለቀቀችው። «ምንም አያደርግም» አለች። አልተደሰተችም፣ አላዘነችም። «ታዲያ ለምን ትይዋለሽ?»

«እናቴ ትለኝ ነበር።»

«እሷስ የት ናት?»

 ብሩክታዊት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ሞታለች» አልኩ።

የኑሃ እርሳስ ቆመ።

«አርጅታ ነው» አልኩ ቶሎ። «በጣም አርጅታ። በእኔ አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

 ከዚያ ቀና ብላ ስምንት ብላ ጻፈች፤ ትክክለኛው እሱ ነበር።

ለምሳ ቤት ገባን። ምስር ነበር። ኑሃ ግማሹን በልታ ሰሃኑን በአንድ ጣቷ ወደ እኔ ገፋችና ተቀመጠች። ዓይኗ ከንፈሬ ላይ ነው። ትኩሳት የጣላት ልጅ ናት፣ እጇ ቀጥኗል፣ መብላት ነበረባት። ጉሮሮዬ ድረስ የመጣውን ዋጥኩት።

«ጠገብኩ» አለች።

«እሺ።»

ጠበቀች። «አትይም?»

«አልልም።»

«ትወጂኛለሽ?»

የምመልስበትን ቃል ፈለግኩ። ልሙትልሽ አለ። አፈር ልሁንልሽ አለ። ምትክሽ ያርገኝ አለ። ከእናቴ አፍ የተቀበልኳቸውን አንድ በአንድ አነሣሁና ጣልኩ፤ ሞት የሌለበት አንድም አጣሁ።

«አዎ» አልኳት።

«አዎ ብቻ?»

«አዎ።»

አሰበችበት። «ትንሽ ናት» አለችና ከወንበሯ ወረደች፤ እግሯን እያነከሰች ወደ ጓሮ ወጣች። ስታነክስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።